የሲስተም ሎግን ወደ ከርነሉ የመልእክት ቋት መላክ፦ ከዝግጅት እስከ ማረጋገጫ

ይህ መመሪያ የሊኑክስ ማሽን ለሚያስተዳድሩና የፕሮግራሞቻቸውን የሎግ መልእክት ከከርነሉ (ከሊኑክስ ዋና እምብርት ፕሮግራም) መልእክቶች ጋር በአንድ ቋት ውስጥ፣ በጊዜ ቅደም ተከተል ማየት ለሚፈልጉ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ሥራው የአንድ መስመር ትዕዛዝ ስለሚመስል ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚያው ላይ ነው። በእጅ የተላከው የሙከራ መልእክት በትክክል ይደርሳል፣ ሥራውም ያለቀ ይመስላል፤ ሎግ ሰብሳቢው ፕሮግራም ሲነሣ ግን አብዛኛው መልእክት ምንም የስሕተት ማስታወቂያ ሳይሰጥ ይጠፋል፣ ወይም ሁለት ፕሮግራሞች አንዱን መልእክት ያለ ማቋረጥ እየተቀባበሉ ማሽኑን ያጨናንቁታል። ስለዚህ ደረጃዎቹን በተሰጡበት ቅደም ተከተል ይፈጽሙ፤ የአንዱ ደረጃ ማረጋገጫ ሳይሳካ ወደ ሚቀጥለው አይለፉ።

የትዕዛዞችና የፋይሎች ስሞች ከዚህ በታች የተጻፉት በሚነበቡበት ድምፅ ነው፤ ተርሚናሉ ላይ እንደተለመደው በላቲን ፊደል ይተይቧቸው። ወደ ቋቱ የሚጻፍበት መሣሪያ ፋይል «ኬሜሰግ» ኬ፣ ኤም፣ ኤስ፣ ጂ የሚሉት አራት ፊደላት ሲሆን፣ ቋቱን የሚያነበው ትዕዛዝ «ዲሜሰግ» ደግሞ ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ ነው። የትእምርተ ጥቅስ ምልክቶቹንም እንዲሁ በተርሚናሉ ምልክት ይተኩ።

ከመጀመርዎ በፊት

ይህ አሠራር በእርግጥ የሚያስፈልግዎ መሆኑን ይወስኑ። ዲስክ የሌላቸው ወይም ብዙ ሲጻፍበት የሚያልቅ ፍላሽ ማከማቻ ያላቸው ትንንሽ መሣሪያዎች፣ ዲስኩ ራሱ ሲታመም የሚሆነውን ማየት የሚፈልጉባቸው ሰርቨሮች፣ እንዲሁም የአንድ አገልግሎት መውደቅ ከሃርድዌር ስሕተት ጋር በሰከንድ ክፍልፋይ መመሳከር ያለበት ሁኔታ ተገቢ ምክንያቶች ናቸው። የአንድ ወር የድረ ገጽ ጉብኝት ታሪክ ማስቀመጥ ግን ምክንያት ሊሆን አይችልም። ቋቱ በማስታወሻ ውስጥ ያለ፣ መጠኑ የተወሰነ ክብ ቋት ነውና ሲሞላ የቆየውን መልእክት በአዲሱ ይተካል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣም ባዶውን ይጀምራል።

ቀጥሎ ሦስት ነገሮችን ይፈትሹ።

1. የሩት፣ ማለትም የማሽኑ ሙሉ አስተዳዳሪ፣ መብት ይኑርዎት። መሣሪያ ፋይሉ በአብዛኛው ለጽሑፍ የሚከፈተው ለሩት ብቻ ነው።

2. የከርነሉን ስሪት «ዩኔም -አር» በሚለው ትዕዛዝ ይመልከቱ። በዚህ መመሪያ የተገለጸው ሁሉ ስሪት 3.5 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ከርነሎች ከተጠቃሚ ፕሮግራም የሚመጣውን መልእክት ምንጭና ክብደት በአንድ ቁጥር አጣምረው አይቀበሉም።

3. መሣሪያ ፋይሉ በእርግጥ መሣሪያ መሆኑን በሚከተለው ትዕዛዝ ያረጋግጡ።

ኤልኤስ -ኤል /ዴቭ/ኬሜሰግ

የመልሱ የመጀመሪያ ፊደል ትንሹ «ሲ» መሆን አለበት፤ የፋይል መጠን በሚጻፍበት ቦታም «1, 11» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች መታየት አለባቸው። በዚያ ቦታ ሰረዝ ምልክትና ተራ የፋይል መጠን ካዩ፣ ከእርስዎ በፊት አንድ ሰው መሣሪያው በሌለበት፣ ብዙ ጊዜም በኮንቴይነር ውስጥ ወይም በተለየ የሥር ማውጫ ውስጥ ሆኖ ጽፎበታል ማለት ነው፤ ሼሉም በዚያ ስም ተራ ፋይል ፈጥሯል። ይህ ስሕተት በጣም አታላይ ነው፤ መጻፉ ሁልጊዜ ይሳካል፣ መልእክቱ ግን ከርነሉን ፈጽሞ አያገኘውም። ተራውን ፋይል ያጥፉና መሣሪያውን በዚህ ትዕዛዝ ይፍጠሩ።

ኤምኬኖድ /ዴቭ/ኬሜሰግ ሲ 1 11

ይህን በኮንቴይነር ውስጥ ለማድረግ አይሞክሩ። ከርነሉ የአስተናጋጁ ማሽን ስለሆነ ሥራው መሠራት ያለበት አስተናጋጁ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ የቋቱን መጠን ይወቁ፣ አስፈላጊ ከሆነም ያስፉ

በብዙ ከርነሎች ቋቱ 128 ወይም 256 ኪሎባይት ነው። ስሌቱን አስቀድመው ይሥሩት፦ አንድ መልእክት 100 ባይት ቢሆን 128 ኪሎባይት ከ1,300 ያህል መልእክቶች በላይ አይዝም። በየሰከንዱ አንድ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ከ22 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ የማሽኑን የመነሻ መልእክቶች በሙሉ ይጠርጋል። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት የማከማቻ ስሕተት ስፈልግ ያጣሁት በዚህ መንገድ ነበር፤ ጥፋተኛው «በሕይወት አለሁ» እያለ በየሰከንዱ የሚጽፍ፣ በራሴ እጅ የተዘጋጀ ስክሪፕት ነበር።

ቋቱ ቀድሞ ሞልቶ መፍሰሱን ለማወቅ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ይመልከቱ።

ሱዶ ዲሜሰግ | ሄድ

የሊኑክስን ስሪት የሚናገረው የመነሻ መስመር ከሌለ ቋቱ አሁንም ጠቦታል፤ ሌላ መልእክት ከመጨመርዎ በፊት ማስፋት ግዴታ ነው። ለማስፋት በከርነሉ የማስነሻ መስመር ላይ «ሎግ_በፍ_ሌን=1ኤም» የሚለውን ይጨምሩ፤ 1 ሜጋባይት ማለት ነው። በደቢያንና በኡቡንቱ ይህ የሚጻፈው በ«/ኢቲሲ/ዲፎልት/ግሩብ» ፋይል ውስጥ ሲሆን፣ ከዚያ «አፕዴት-ግሩብ» የሚለውን ትዕዛዝ ፈጽመው ማሽኑን እንደገና ያስነሣሉ። በትንንሽ መሣሪያዎች ላይ የሚጻፈው በማስነሻ ፕሮግራሙ ቅንብር ውስጥ ነው። መጠኑ የ2 ርቢ መሆን አለበት፤ ያልሆነ ቁጥር ቢሰጡ ከርነሉ ወደሚቀጥለው ርቢ ያሳድገዋል።

ከተነሣ በኋላ የ«/ፕሮክ/ሲኤምዲላይን» ፋይልን አንብበው ጽሑፉ መግባቱን ያረጋግጡ። እዚያ ከሌለ የቀየሩት ማሽኑ የማያነበውን ፋይል ነው።

ደረጃ 2፦ የመልእክቱን ቁጥር ያስሉ

እያንዳንዱ መልእክት በፊቱ በማዕዘን ቅንፍ የታጠረ አንድ ቁጥር ይይዛል፤ ቁጥሩም የምንጩ ቁጥር በ8 ተባዝቶ የክብደቱ ቁጥር ሲደመርበት የሚገኘው ነው። ክብደቱ ከ0 እስከ 7 ሲሆን፣ 0 ማሽኑ ከአገልግሎት ውጭ የሆነበት፣ 3 ስሕተት፣ 4 ማስጠንቀቂያ፣ 5 ትኩረት የሚገባው፣ 6 ተራ መረጃ፣ 7 ለፕሮግራም አራሚ ብቻ የሚጠቅም ዝርዝር ነው። ከምንጮቹ መካከል 0 ከርነሉ ራሱ፣ 1 ተጠቃሚ፣ 3 የጀርባ አገልግሎት፣ 4 የመግቢያ ፈቃድ፣ 16 ደግሞ ለእርስዎ የተተወው የመጀመሪያው ነጻ ምንጭ ነው።

የጀርባ አገልግሎት ስሕተት 3 × 8 + 3 = 27 ይሆናል። የተጠቃሚ ተራ መረጃ 1 × 8 + 6 = 14 ነው፤ የነጻው ምንጭ ትኩረት የሚገባው መልእክት ደግሞ 16 × 8 + 5 = 133 ይሆናል።

ከርነሉን መስለው መጻፍ እንደማይችሉ ልብ ይበሉ። ቁጥሩን «<3>» ብለው ቢልኩ ከርነሉ ምንጩን 0 መሆኑን አይቶ ወደ 1 ይቀይረዋል፤ መልእክቱም በ11 ይመዘገባል። ይህ ጥበቃ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። ቁጥር ጨርሶ ካልሰጡ መልእክቱ የተጠቃሚ ሆኖ በከርነሉ ነባር (ካልተቀየረ በቀር በሚሠራው) ክብደት፣ በአብዛኛው በማስጠንቀቂያ፣ ይመዘገባል።

ደረጃ 3፦ አንድ መልእክት በእጅ ይላኩ

ኢኮ «<14>ሙከራ: የመጀመሪያ መልእክት» | ሱዶ ቲ /ዴቭ/ኬሜሰግ

«ሱዶ ኢኮ» ብሎ በ«>» ምልክት ወደ መሣሪያው መምራት አይሠራም። ፋይሉን የሚከፍተው የእርስዎ ሼል እንጂ በሱዶ የተነሣው ፕሮግራም ስላልሆነ ፈቃድ ተከልክሏል የሚል መልስ ያገኛሉ። አስቀድመው ሩት ሆነው ከገቡ ግን «>» በቀጥታ ይሠራል።

አሁን ውጤቱን ይመልከቱ።

ሱዶ ዲሜሰግ -ኤክስ | ቴል -ኤን 3

መልእክቱ ከነምንጩ፣ ከነክብደቱና ማሽኑ ከተነሣ ጀምሮ ከተቆጠረው ሰከንድ ጋር መታየት አለበት። በቢዚቦክስ (ብዙ መሠረታዊ ትዕዛዞችን በአንድ ፕሮግራም በያዘ ጥቅል) የሚሠሩ ትንንሽ መሣሪያዎች የ«-ኤክስ» አማራጭ የላቸውም፤ እዚያ «ዲሜሰግ -አር» ብለው ቁጥሩን ራሱን ያንብቡ።

ካልተሳካ

የማይፈቀድ ክንውን ነው የሚል መልስ ሩት ሆነው ሳለ ከመጣ፣ ከተጠቃሚ ፕሮግራም መጻፍ በከርነሉ ቅንብር ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ በደረጃ 5 የተገለጸውን ቅንብር ይመልከቱ። ይኸው መልስ ሲያነቡ ብቻ ከመጣ ንባቡ ለተራ ተጠቃሚ የተከለከለ ስለሆነ በሱዶ ያንብቡ።

የተሳሳተ ግብዓት የሚል መልስ ከመጣ መልእክቱ ረዝሟል። የአንድ መልእክት ጣሪያ እንደ ከርነሉ ስሪት 1,000 ባይት አካባቢ ነው። በተለይ ለእኛ ይህ ቁጥር ቶሎ ያልቃል፤ በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ አንድ መልእክት ከ330 ያህል ፊደላት በላይ መያዝ አይችልም። መሣሪያ ፋይሉን በቀጥታ ሲያነቡም የአማርኛው ጽሑፍ በ«\» ምልክት በሚጀምሩ ኮዶች ተተክቶ ይመጣል። ስለዚህ ለሙከራ በአማርኛ ቢጽፉም፣ በሥራ ላይ ለሚውሉ መልእክቶች አጭር የላቲን ፊደል ጽሑፍ እንዲጠቀሙ አጥብቄ እመክራለሁ።

አንድን ፋይል በሙሉ በ«ካት» ወደ መሣሪያው አይላኩ። ከርነሉ እያንዳንዱን የመጻፍ ጥሪ እንደ አንድ መልእክት ስለሚቆጥር ፋይሉ በአንድ ጥሪ ተጠቃሎ ይሄድና ውድቅ ይደረጋል። መስመር በመስመር የሚያነብና እያንዳንዱን ለብቻው የሚልክ ዙር ይጠቀሙ።

ደረጃ 4፦ የኮንሶሉን ጩኸት አስቀድመው ይቀንሱ

ወደ ቋቱ የሚገባ መልእክት የክብደቱ ቁጥር ከኮንሶሉ ገደብ ካነሰ በኮንሶሉም ላይ ይጻፋል። ኮንሶሉ በተከታታይ ገመድ በሴኮንድ 115,200 ቢት የሚሠራ ከሆነ በሰከንድ የሚያሳልፈው 11,520 ባይት ያህል ነው፤ አንድ የ100 ባይት መልእክት ብቻውን ወደ 9 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። መቶ መልእክት በአንድ ጊዜ ሲመጣ ማሽኑ በግልጽ ይንቀራፈፋል።

ሱዶ ሲስሲቲኤል -ደብሊው ከርነል.ፕሪንትኬ=«4 4 1 7»

የመጀመሪያው ቁጥር ከ4 ያነሰ ቁጥር ያላቸው፣ ማለትም ስሕተትና ከዚያ የከፉት ብቻ ወደ ኮንሶሉ እንዲወጡ ያደርጋል። ቋቱ ውስጥ የሚገባውን አይቀንስም። ቅንብሩ በዳግም መነሣት እንዳይጠፋ በ«/ኢቲሲ/ሲስሲቲኤል.ዲ» ማውጫ ውስጥ በፋይል ያስቀምጡት።

ደረጃ 5፦ የፍጥነት ገደቡን ይፍቱ

ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ስለሆነ በጥሞና ያንብቡ። ከስሪት 4.8 ጀምሮ ከርነሉ ከተጠቃሚ ፕሮግራሞች የሚመጡ መልእክቶችን ይገድባል፤ ነባሩ ገደብ በ5 ሰከንድ ውስጥ 10 መልእክት ነው። ገደቡ የሚቆጠረው መሣሪያው በተከፈተ ቁጥር ለየብቻ ነው። በእጅ «ኢኮ» ሲጽፉ ሼሉ መሣሪያውን በየጊዜው አዲስ ስለሚከፍት ቆጠራው ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀምራል፣ ገደቡም አይሰማዎትም። ሎግ ሰብሳቢው ግን መሣሪያውን አንድ ጊዜ ከፍቶ እንደያዘ ይቆያል፤ ስለዚህ 11ኛው መልእክት ይጣላል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ከርነሉ ለሰብሳቢው መጻፉ ተሳክቷል ብሎ መመለሱ ነው። ስንት መስመር እንደተጣለ የሚገልጸው ማስታወቂያ የሚወጣው ሰብሳቢው መሣሪያውን ሲዘጋ ብቻ ነው።

አሁን ያለውን ቅንብር ያንብቡ።

ካት /ፕሮክ/ሲስ/ከርነል/ፕሪንትኬ_ዴቭኬሜሰግ

«ኦን» ከሆነ ገደብ የለም፤ «ሬትሊሚት» ከሆነ ገደቡ ይሠራል፤ «ኦፍ» ከሆነ መጻፍ ጨርሶ ተዘግቷል። ሲስተምዲ (አገልግሎቶችን የሚያስነሣና የሚቆጣጠር ፕሮግራም) ያለባቸው ማሽኖች ሲነሡ ሲስተምዲ ራሱ «ኦን» ስለሚያደርገው እዚያ ችግሩ አይታይም። በቢዚቦክስ ብቻ የሚሠሩት ግን በነባሩ ገደብ ላይ ይቆያሉ። በዚያው ፋይል ላይ «ኦን» ብለው በመጻፍ ይቀይሩት፤ ለውጡ ወዲያውኑ ይሠራል።

የተሳሳተ ግብዓት የሚል መልስ ካገኙና ቃሉን በትክክል ጽፈው ከሆነ፣ ቅንብሩ በማስነሻ መስመሩ ላይ ተሰጥቶ ተቆልፏል። በማስነሻ መስመሩ «ፕሪንትኬ.ዴቭኬሜሰግ=ኦን» ብለው ቀይረው ማሽኑን እንደገና ከማስነሣት ሌላ መንገድ የለም።

ደረጃ 6 ሀ፦ በቢዚቦክስ መሣሪያ ላይ ሰብሳቢውን ያዙሩ

1. እዚህ ሎግ ሰብሳቢው «ሲስሎግዲ» ይባላል፤ «ሲስሎግዲ --ሄልፕ» ብለው በዝርዝሩ ውስጥ ትልቁ «-ኬ» መኖሩን ያረጋግጡ። ከሌለ ቢዚቦክሱ ሲገነባ ይህ አማራጭ አልተካተተም፤ አማራጩን መርጠው እንደገና መገንባት ይኖርብዎታል።

2. «ኬሎግዲ» የተባለውን ፕሮግራም ያቁሙ። ይህን ቅደም ተከተል አይገልብጡ። የኬሎግዲ ሥራ ከከርነሉ ቋት እያነበበ ለሲስሎግዲ ማቀበል ነው፤ ሲስሎግዲ ደግሞ ወደዚያው ቋት የሚጽፍ ከሆነ አንዲት መልእክት በሁለቱ መካከል መዞር ትጀምራለች፣ ቋቱም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ በእርሷ ብቻ ይሞላል።

3. የሚሠራውን ሲስሎግዲ ያቁሙና በአዲሱ አማራጭ ያስነሡ።

ኪልኦል ኬሎግዲ
ኪልኦል ሲስሎግዲ
ሲስሎግዲ -ኬ

4. በ«ሎገር» ትዕዛዝ አንድ መልእክት ልከው በዲሜሰግ ያግኙት። በ«/ቫር/ሎግ/ሜሴጅስ» አይፈልጉት፤ በዚህ አማራጭ መልእክቱ ወደ ከርነሉ ቋት ብቻ ይሄዳል። «ሎግሪድ» የተባለውም ትዕዛዝ ከእንግዲህ የሚያነበው የለም።

5. ቅንብሩን ዘላቂ ያድርጉ። በቢልድሩት (የትንንሽ መሣሪያዎች ሊኑክስ መገንቢያ) በተሠሩ መሣሪያዎች ላይ በ«/ኢቲሲ/ዲፎልት/ሲስሎግዲ» ፋይል ውስጥ ለሲስሎግዲ በሚሰጡት አማራጮች ላይ «-ኬ» ይጨምሩ፤ ቀድሞ የነበረ አማራጭ ካለ አያጥፉት። በ«/ኢቲሲ/ኢኒት.ዲ» ውስጥ ያለውን የኬሎግዲ ማስነሻ ስክሪፕት ደግሞ ስሙ በትልቁ «ኤስ» እንዳይጀምር አድርገው ይቀይሩት፤ ማስነሻው በዚያ ፊደል የሚጀምሩትን ብቻ ነው የሚያስነሣው።

አንድ ዓይነት መስመር ያለማቋረጥ ሲደጋገም፣ በየዙሩም ከፊቱ ስም እየተጨመረበት ሲረዝም ካዩ ዙሩ ጀምሯል። መጀመሪያ ኬሎግዲን ይግደሉ፤ ዙሩ ወዲያው ይበጠሳል። ከዚያ ማን እንዳስነሣው ይፈልጉ።

ደረጃ 6 ለ፦ በሲስተምዲ ማሽን ላይ

እዚህ ሁለት መንገድ አለ፤ የኔ ምርጫ የመጀመሪያው ነው። አንድ አገልግሎት ብቻ ከሆነ የሚያሳስብዎት፣ በአገልግሎቱ የቅንብር ፋይል ውስጥ በ«ሰርቪስ» ክፍል ሥር «ስታንዳርድአውትፑት=ኬሜሰግ» ብለው ይጻፉ፤ «ሲስተምሲቲኤል ዴመን-ሪሎድ» ብለው አገልግሎቱን እንደገና ያስነሡ። የፕሮግራሙ መደበኛ ውጤት በጆርናሉም (በሲስተምዲ የራሱ ሎግ ሰብሳቢ) በከርነሉ ቋትም ይገኛል፤ የሌሎቹ ወሬ ግን ቋቱን አያጣብበውም።

ሁሉንም መላክ ግድ ከሆነ በ«/ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ጆርናልዲ.ኮንፍ.ዲ» ማውጫ ውስጥ መጨረሻው «.ኮንፍ» የሆነ አዲስ ፋይል ከፍተው የሚከተለውን ይጻፉበት።

[ጆርናል]
ፎርዋርድቱኬሜሰግ=የስ
ማክስሌቭልኬሜሰግ=ዋርኒንግ

ሁለተኛውን መስመር አይተዉት። ነባሩ ጣሪያ «ኖቲስ» ስለሆነ ከሚፈልጉት በላይ ያሳልፋል። ከዚያ «ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ሲስተምዲ-ጆርናልዲ» ብለው በ«ሎገር» በስሕተት ክብደት አንድ መልእክት ይላኩ።

ይህ መንገድ አንድ የማይጠበቅ ውጤት አለው። ጆርናሉ የራሱን መልእክት ከቋቱ መልሶ አንብቦ እንዳይዞር፣ ማስተላለፉ በርቶ ሳለ በቋቱ ውስጥ ያለውን ከከርነል ምንጭ ያልመጣ መልእክት ሁሉ ይዘላል። ስለዚህ ስክሪፕቶችዎ በቀጥታ ወደ መሣሪያው የሚጽፉት መልእክት በዲሜሰግ ይታያል፣ ከጆርናሉ ግን ይጠፋል። ቀድሞ በ«ጆርናልሲቲኤል -ኬ» ይከታተሉ የነበሩ ሰዎች ይህን አስቀድመው ይወቁ።

አርሲስሎግ የተባለው ሌላ ሎግ ሰብሳቢም በማሽኑ ላይ ካለ፣ ከከርነሉ የሚያነበው ክፍሉ ከከርነል ውጭ ያሉ ምንጮችን እንዲቀበል የሚፈቅደው ቅንብር በነባሩ የተዘጋ ነው። እንደተዘጋ ይተዉት፤ ከከፈቱት አንዱን መልእክት ሁለት ጊዜ ይመዘግባሉ፣ አርሲስሎግ ራሱ ወደ መሣሪያው የሚጽፍ ከሆነ ደግሞ በደረጃ 6 ሀ የተገለጸው ዙር ይነሣል።

ደረጃ 7፦ በብዛት ይፈትኑ

አንዲት መልእክት መድረሷ ምንም አያረጋግጥም። 30 መልእክት በተከታታይ በሰብሳቢው በኩል ይላኩና ይቁጠሩ።

ፎር አይ ኢን $(ሴክ 1 30); ዱ ሎገር -ፒ ዴመን.ኤረር «ቆጠራ $አይ»; ደን
ሱዶ ዲሜሰግ | ግሬፕ -ሲ «ቆጠራ»

ውጤቱ 30 ከሆነ ተሳክቷል። 10 ከሆነ የፍጥነት ገደቡ አልተፈታም፤ ወደ ደረጃ 5 ይመለሱ። ከ30 ከበለጠ መልእክቱ በሁለት መንገድ እየገባ ነው፤ ጥቂት ሰከንድ ቆይተው እንደገና ሲቆጥሩ ቁጥሩ ካደገ ዙር አለ። ዜሮ ከሆነ ከሁሉ በፊት መሣሪያ ፋይሉ ተራ ፋይል አለመሆኑን ዳግም ይመልከቱ።

በሚፈትኑበት ጊዜ «ዲሜሰግ -ሲ» የሚለውን ትዕዛዝ አይጠቀሙ፤ ካነበበ በኋላ ያለው መልእክት በሚቀጥሉት የዲሜሰግ ንባቦች እንዳይታይ ያደርጋል። አዲሱን ብቻ መከታተል ከፈለጉ በትልቁ ፊደል «ዲሜሰግ -ደብሊው» ይበቃል።

ደረጃ 8፦ የሚነበበውንና የሚቀረውን ይወስኑ

የይለፍ ቃል፣ የመግቢያ ቁልፍ ወይም የደንበኛ መረጃ የሚጽፍ ፕሮግራም ካለ ወደዚህ ቋት አያስገቡት። «ከርነል.ዲሜሰግ_ሪስትሪክት» የተባለው ቅንብር 0 በሆነበት ማሽን ላይ ማንኛውም ተጠቃሚ ቋቱን ማንበብ ይችላል፤ ወደ 1 ይቀይሩት፣ እንደ ደረጃ 4ም በፋይል ያስቀምጡት።

ማሽኑ ሲወድቅ መልእክቶቹ እንዲተርፉ ከፈለጉ ከማሽኑ ውጭ የሚያወጣ መንገድ ያዘጋጁ። ኔትኮንሶል የተባለው የከርነል ክፍል ወደ ኮንሶል የሚወጣውን ሁሉ በኔትወርክ ወደ ሌላ ማሽን ይልካል። በደረጃ 4 ገደቡን 4 ካደረጉ በዚህ መንገድ የሚወጡት ስሕተቶችና ከዚያ የከፉት ብቻ መሆናቸውን አይርሱ፤ ማስጠንቀቂያዎቹንም ከፈለጉ የመጀመሪያውን ቁጥር ወደ 5 ከፍ ያድርጉ።

በመጨረሻ ማሽኑን እንደገና ያስነሡና የደረጃ 7ን ቆጠራ ምንም ሳይነኩ ይድገሙት። ከዳግም መነሣቱ በፊት 30 የነበረው አሁን 10 ከሆነ የደረጃ 5 ለውጥ በፋይል ወይም በማስነሻ መስመሩ ላይ አልተቀመጠም፤ ዙር ከተነሣ ደግሞ የኬሎግዲ ማስነሻ ስክሪፕት አሁንም በቦታው አለ።